እንግሊዝኛ አጭር ቋንቋ ነው ያልኩሽ

ፀዳለ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ሁለታችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። መጀመሪያ እንደምን ሰነበትሽ ይባላል፤ ቀጥሎ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይባላል፤ ጉዳዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ልጠይቅሽ አልችልም። ሁለተኛውን አልጽፈውም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያንን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደማልጽፈው ልነግርሽ ብዬ ነው። አላሽገውም። ሌላ ሰው ቢያነበው፣ በተለይ በሆስፒታል ለሚስቱ የሚያስተረጉም ወንድ ቢያነበው፣ ቅር አይለኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ለንደን ያው ነው፤ ሰፈራችን ሃርልስደንም ያው ነው፤ ቤታችንን ግን ብታዪው አታውቂውም። የብሌንን አልጋ ከመኝታ ክፍሏ አውጥቼ ሳሎን አድርጌዋለሁ። አንቺ የምትወጂው ትልቁ ሶፋ ሄዷል። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሁለት ሰዎች ልኮ ጣሪያው ላይ ሐዲድ ገጠመልን፤ ልጃችን አሁን ከአልጋዋ ወደ ዊልቸሯ የምትሄደው በማንሻ ነው። ሐዲዱን ትንሽ አጣምመውት ስለነበር ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ሠራተኛ መለኪያውን አውጥቶ ሰጠኝና ራስህ ለካው አለኝ። ለካሁት። አሁን ቀጥ ያለ ነው። ማንሻው ሲያነሳት ትስቃለች፤ አንቺ የምታውቂውን ሳቅ፣ ድምፅ የሌለውን፣ ትከሻዋ ብቻ የሚርገበገበውን።

አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። ፀጉሯን የምጎነጉነው እኔ ነኝ። መጥፎ ነው የምጎነጉነው። ቁመቷ አንቺን ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ጀርባዋ ግን ወደ ግራ እየጎበጠ ነው። ካልተቀና ሳንባዋን እንደሚጫናት ነግረውኛል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ይላሉ፤ አደገኛ ነውም ይላሉ። ሁለቱንም የሚሉት አንድ ቀን፣ በተለያየ ክፍል ውስጥ ነው።

ከላያችን ያሉት እትዬ ዘሃራ እንደ ድሮው ይመጣሉ። ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀትር ሰግደው ይወርዱና እኔ እዚያው ከሻንጣ ቀበቶ ጥገናዬ እስክመለስ ከብሌን ጋር ይቀመጣሉ። አሁንም ኢንጂነር ነው የሚሉኝ፤ አሁንም ሙገሳ አይደለም። የብሌንን መድኃኒት በመርፌ ቱቦው ሦስቴ ለክቼ፣ ለአራተኛ ጊዜ ወደ መስኮቱ ይዤ ስመለከት፣ «ኢንጂነር፣ ልጅቷ እኮ ሻንጣ አይደለችም፤ በቀበቶ አትሄድም» ይሉኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

የብሌን ሕመም ስም እንደሌለው ታውቂያለሽ። ደሟን ወሰዱ፤ ጭንቅላቷን ፎቶ አነሱ፤ የእኔንም የአንቺንም ደም ለምርመራ ላኩ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የተለየ ነገር አላገኘንም። የማትቀመጥ፣ የማትናገር፣ በሆዷ በገባ ቱቦ የምትመገብ፣ በየቀኑ የሚያንዘፈዝፋት ልጅ ይዘን የተለየ ነገር አልተገኘም ይሉናል። ስም ስለሌላት ባለቤት የላትም። የጭንቅላቱ ሐኪም ጀርባዋ የእኔ ሥራ አይደለም ይላል። የአጥንቱ ሐኪም የሳንባው ሐኪም ሳይፈቅድ አልነካትም ይላል። የሳንባው ሐኪም መንዘፍዘፉ ይረጋጋና እንነጋገር ይላል። በሦስቱ መካከል ወረቀት ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታሉ እንደ ብሌን ላሉት ልጆች አንድ ቡድን አቋቋመ። ልጁን እንደ አንድ ሰው የሚያይ አንድ ሐኪም፣ ስልክ ቢደወልላት የምታነሳ አንዲት ነርስ፣ ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበስብ ስብሰባ። ለብሌን ጀርባ የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። እዚያ ለመግባት ግን ልጁ «ከባድ የነርቭ ጉዳት» ያለበት መሆን አለበት፤ ከባድ የነርቭ ጉዳት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ ትርጉም አለው። ስለዚህ አንድ ትርጉም እንጻፍ ብለው ስድስት ወላጆችን እንዲያግዟቸው ጠሩ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልትገምቺ ትችያለሽ። ሂትሮው የሻንጣ ቀበቶ ሲቆም እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ስም፣ ቁጥርና ትርጉም አለው። ትርጉም የሌለው ብልሽት አይጠገንም፤ ማንን ልከሽ ታስጠግኚዋለሽ? አሥራ ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር በመጨረሻ መጣ ብዬ ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ።

ሰብሳቢዋ ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ናት። ረቂቁን ግድግዳው ላይ አበራችው። በልጅነት የሚጀምር፣ አእምሮንና የነርቭን ሥርዓት የሚነካ፣ እንቅስቃሴንም መረዳትንም የሚያውክ፣ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን በሕክምና ጥገኛ የሚያደርግ፣ ልጁ ለዕለት ኑሮው ከፍተኛ እርዳታ የሚያስፈልገው፣ የማይድን። ሕመሙ ስም ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም ይላል። ያቺን የመጨረሻ ሐረግ ሳነብ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ከዚያ ግን ሥራዬን ጀመርኩ። ከፍተኛ እርዳታ ማለት ስንት ነው አልኳቸው። በቀን ስንት ሰዓት፣ በስንት ሰው እጅ? አጠገቤ ከብሪክስተን የመጣች እናት ነበረች፤ ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የቤት ሥራችንን ልታርም ነው እንዴ የመጣኸው አለችኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ ከባድ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፣ በር ዘግቼ ሽንት ቤት ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ትርጉም አይደለም፣ አይለካም አልኳት።

ከዚያም ቀጠልኩና አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠየቅኩ። የልጁ ችግር በሕክምና መዝገቡ ውስጥ ለዓመታት ተደጋግሞ የተጻፈ መሆን አለበት አልኩ። እኛ ዘንድ በመዝገብ ያልተጻፈ ብልሽት እንዳልደረሰ ይቆጠራል አልኩ። ሐኪሟ አመነታች። የአንዳንድ ቤተሰቦች መዝገብ ቀጭን ነው፣ ምክንያቱን ሁልጊዜ አናውቀውም አለች። መዝገቡ ቀጭን ከሆነ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው፤ እሱን አስተካክሉ እንጂ ትርጉሙን አታላሉ አልኳት። ሌሎቹ ደክሟቸው ይሁን አምነውበት አላውቅም፣ አንቀጹ ገባ።

ማታ ለእትዬ ዘሃራ በኩራት ስነግራቸው ብሌንን እያገላበጡ ነበር። «ያልተጻፈለት ልጅስ?» አሉኝ። እዚህ አገር ያልተጻፈ ነገር የለም አልኳቸው።

በሁለተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ብሌን በአዲሱ ረቂቅ መሠረት በመዝገቧ ተገምግማ ነበር፤ መዝገቡን ያነበበው ልጅቷን አይቷት የማያውቅ ሰው ነው። መስፈርቱን አታሟላም ይላል። በቤተሰብ ደረጃ ሁኔታው በቂ ቁጥጥር ላይ እንዳለ፣ አሳሳቢ የዕለት ችግር ተደጋግሞ እንዳልተመዘገበ ይገልጻል።

ደብዳቤውን በቆምኩበት አነበብኩት። ከፊቴ ልጃችን በማንሻው ላይ ተንጠልጥላለች፣ ግማሽ መንገድ ላይ። ስንት ደቂቃ እንደተውኳት አላውቅም። ያነቃኝ የምራቋ ድምፅ ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግርሽም፤ ንዴቴን ታውቂዋለሽ። አራት ገጽ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሽታን ከወረቀት ስለሚያነቡ ሰነፎች፣ ስለ ቸልተኝነት፣ ስለ ዘረኝነትም ጻፍኩ። ማስረጃ እንዲሆነኝ የመዝገቧ ሙሉ ቅጂ እንዲሰጠኝ አፕላይ አደረግኩ። ቅጂው በካርቶን መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ብሌንን ቁርሷን በቱቦዋ ሰጥቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ገጽ፤ ቤተሰቡ ልጅቷ ደህና ናት ይላል፣ የሚያሳስብ ነገር የለም። በቀይ አሰመርኩበት። ውሸታም አልኩ። የሚቀጥለው ቀጠሮ፤ ደህና ናት፣ ወላጆች እየተወጡት ነው። አሰመርኩ። የሚቀጥለው፤ እናት ታለቅሳለች፣ አባት ከድካም ነው ይላሉ፣ በቤት የተለየ ችግር የለም። እስክሪብቶዬ እዚህ ላይ ዘገየ። የሚቀጥለው፤ አስተርጓሚ ቀርቦላቸው ነበር፣ አባት አያስፈልግም ብለዋል፣ አባት ያስተረጉማሉ።

አባት ያስተረጉማሉ። አባት ያስተረጉማሉ። ዓመት ተቆጥሮ ዓመት ይመጣል፤ የሐኪሙ ስም ይለወጣል፤ ያቺ መስመር አትለወጥም። አንድም ቀጠሮ አምልጦኝ እንደማያውቅ ለሰው ሁሉ እናገር ነበር። እውነት ነው። አንድም ቀጠሮ አላመለጠኝም፤ አንድም ቀጠሮ ላይ አንቺ አልተናገርሽም።

ከዚያ በእጅ የተጻፈች አንዲት ገጽ አገኘሁ። የነርስ ጽሑፍ ናት፤ ማን እንደሆነች አላስታውስም። ብሌን ሦስት ዓመቷ ነበር። እናት ልጅቷ እንዴት እንደምትደርቅ በራሷ ክንድና አንገት አሳየች ይላል። ለረጅም ጊዜ ተናገረች ይላል። አባት ደህና ነን ትላለች ብለው ተረጎሙ ይላል። ከዚያም እናት ዝም አለች ይላል።

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ ይመስል ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

ያን ቀን አስታወስኩት፣ ፀዳለ። ግራጫ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። ሐኪሙ ብሌን እንዴት ናት ሲል እግዚአብሔር ይመስገን ብለሽ ጀመርሽ፤ እኛ ያደግነው እንዲያ ነው፤ መጀመሪያ ይመሰገናል፣ ከዚያ ይነገራል። ከዚያም ነገርሽው። ወተት ሲሰጣት እንደሚያንቃት። ዓይኗ ወደ ግራ ሄዶ እንደሚቀርና ሰውነቷ እንደ እንጨት እንደሚሆን። ትንፋሿ እንዳይቆም ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ ተቀምጠሽ እንደምታድሪ። አንገትሽን ወደ ኋላ ጥለሽ፣ ክንድሽን አድርቀሽ አሳየሽው። እኔ ምስጋናውን ተረጎምኩለት። ምስጋናው የነገሩ በር ነበር፤ በሩን አሳይቼው ቤቱን ቆለፍኩበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባስ ላይ ብሌንን አቅፈሽ፣ ወደ መስኮቱ እያየሽ፣ እኔ ያን ሁሉ ስናገር አንተ ጋ ሲደርስ ለምን አጠረ አልሽኝ። እንግሊዝኛ አጭር ቋንቋ ነው አልኩሽ።

ሳቅሽ። ለእትዬ ዘሃራም ነገርሻቸው፤ የቤታችን ቀልድ ሆኖ ቀረ። የሥራ ቦታ ጭቅጭቄን ሳበዛብሽ በእንግሊዝኛ ንገረኝ ትይኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ቀልዴን ወደሽው ነው ብዬ አሥር ዓመት አሰብኩ።

ለምን እንዳደረግኩት ያን ቅዳሜ ሙሉ ራሴን መረመርኩ። የቤታችን ገመና በባዕድ ፊት እንዳይወጣ ነው አልኩ፤ እውነት ነው። በወቅቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ብዙ ካማረራችሁ ልጁን ይወስዱባችኋል ይሉን ነበር፤ ይህንንም ፈርቻለሁ። በእንግሊዝኛዬም እኮራ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ሰው ባል እያለሽ አስተርጓሚ መቀመጡ ውርደት መሰለኝ። ግን ከሁሉም ሥር ሌላ ነገር አለ። አንቺ የምትይውን በራሴ አፍ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ ብናገረው እውነት ይሆንብኝ ነበር። በአንቺ አፍ ሲሆን የአንቺ ጭንቀት ነበር።

የባሰው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያሉት። አባት ብቻቸውን መጥተዋል፤ እንዴት ናችሁ ተብለው ደህና ነን አሉ። ተከታዩ፤ ደህና ነን አሉ። እነዚህን ማንም አላስተረጎመልኝም። በገዛ እንግሊዝኛዬ ያልኩት ነው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ አየሁሽና ምነው አልኩሽ፤ ደህና ነኝ አልሽኝ። አጭሩን መልስ ይዤ ሥራ ሄድኩ፤ ስመለስ በሕይወት አላገኘሁሽም።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ሲወርዱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። የብሌንን እግር በቅባት እያሹ ሰሙኝና፣ «እኔስ ይህንን ዛሬ ነው እንዴ የምሰማው» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መነጽራቸውን ፈለጉ።

ብሌንን ትተሽ አንድ ፎቅ መውጣት ስለማትችዪ የድምፅ መልእክት ትልኪላቸው ነበር። የዓመታት መልእክት። የብሌን ውሎ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ድምፅሽ ከራሴ በላይ፣ ከጣሪያው ወዲያ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ አላውቅም። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው፤ ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም። ብሌን ደነገጠች። እትዬ ዘሃራ ግን አልደነገጡም። «በየቀኑ እንዴት ነህ እልሃለሁ፤ ደህና ነኝ ትለኛለህ» አሉኝ። «ደህና ለሆነ ሰው ምን ብዬ ላምጣለት?»

የመጀመሪያውን ከፈቱት። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለሽ ጀመርሽ፣ እንደ ልማድሽ። ከዚያም ቀጠልሽ። አንዲት ማንኪያ ለመዋጥ ሃያ ደቂቃ እንደፈጀባት፣ ከዚያ ሁሉንም እንደመለሰችው፣ አንቺም ሹራብሽን ሦስት ጊዜ እንደቀየርሽ፣ በሦስተኛው ሹራብ ስላለቀብሽ የእኔን የሥራ ጃኬት ለብሰሽ እንደዋልሽ። ሳቅሽ ይሰማል። ከኋላ ያ የአክታ መምጠጫ ማሽን ይጮኻል። በሌላኛው አንዘፍዝፏት ሲያበቃ ፊትሽን በጣቷ እንደነካችሽ፣ በአጋጣሚ ይሁን አውቃ እንደማታውቂ፣ እንዳወቀች አድርገሽ እንደያዝሽው። ስምንት ቀን ሙሉ ሰማናቸው፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ፣ ሦስታችን ሆነን። ብሌን ድምፅሽን ስትሰማ ጭንቅላቷን ወደ ስልኩ ታዞራለች። ይህንንም በየትኛውም መዝገብ አላገኘሁትም።

አንዱን ብቻ እትዬ ዘሃራ ሊያልፉት ፈልገው ነበር፤ እኔ ነኝ ክፈቱት ያልኳቸው። ብሌን በሦስት ዓመቷ የነበራት የዚያ ቀጠሮ ዕለት ማታ የላክሽው ነው። እሱ አስተርጓሚነቱን ጥሩ አድርጎ ይችላል፣ ግን ይፈራል ትያለሽ። ሲፈራ እንግሊዝኛው ያጥራል። አይንገሩት እትዬ፣ ይሰበርብኛል።

ታውቂ ነበር ማለት ነው። ባስ ላይ የሳቅሽው ቀልዴን ወደሽው አልነበረም።

የአቤቱታውን ደብዳቤ ቀደድኩት። ለሐኪሟ ስልክ ደውዬ፣ እንዲገመግሙልን የምፈልገው አዲስ ማስረጃ አለ፣ ቀጠሮ ይሰጠን፣ አስተርጓሚም ይመደብልን አልኳት። ግራ ገባት። እንግሊዝኛህ ከእኔ ይሻላል እኮ አለችኝ። አስተርጓሚ አይደለሁም፣ አባት ነኝ አልኳት።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ዘሃራ አዲስ ሻርፕ አድርገው መጡ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ ፊቷን አላየሁትም። የወጣት ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ እዚህ ያደገች ልጅ አማርኛ ነው፣ ጥንቁቅ፣ ትንሽ የሚደናቀፍ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ የእትዬ ዘሃራ ስልክ አጠገቡ። አንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገሪያለሽ፤ እትዬ ዘሃራ ያቆሙታል፤ ልጅቷ ትተረጉመዋለች። እግዚአብሔር ይመስገን ስትይ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። አላቆመችም። ወተቱን ተረጎመች። መድረቁን ተረጎመች። ሹራቦቹን ተረጎመች፤ ጃኬቴንም። አንድ ቦታ ላይ ማነቅን በሳል ስትተረጉመው አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘሃራ በጫማቸው እግሬን ረገጡኝ። ልጅቷ ራሷ ይቅርታ ብላ አስተካከለችው።

ሐኪሟ መጻፍ ያላቆመችው እስከ አምስተኛው መልእክት ድረስ ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ሰማች። ቀጣዩን ቀጠሮዋን አስተላለፈች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሁሉም አላለቀም። እንግሊዝኛ እንዲህ ረጅም ቋንቋ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ፀዳለ።

በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ እጄን አውጥቼ፣ ያ አንቀጽ ይሰረዝልኝ አልኩ። የብሪክስተኗ እናት ቀና ብላ፣ አንተንስ ማን አረመህ አለችኝ። ሚስቴ አልኳት። እሷም ውኃዋን ወደ እኔ ገፋችልኝ፣ አልቀለደችም። በምትኩ ሌላ አንቀጽ ጻፍን። ልጁን ዕለት ዕለት የሚንከባከበው ሰው፣ ሁሉንም መናገር በሚችልበት ቋንቋ፣ ከቤተሰብ ባልሆነ አስተርጓሚ የሚሰጠው ቃል እንደ መዝገብ ይቆጠራል ይላል። «ይቆጠራል» የሚለውን «ቢቆጠር ይመረጣል» ብለው አለዘቡት። ተሟገትኩ፤ ተሸነፍኩ። ገና አልተውኩትም። ስለ በሩና ስለ ሽንት ቤቱ የተናገረችውም ይግባ አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር። ከረቂቁ ሁሉ ትክክለኛው ትርጉም እሱ ነው።

ብሌን ተቀብለዋታል። ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በመጪው ወር የአጥንቱም፣ የሳንባውም፣ የጭንቅላቱም ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ጀርባዋን ያቅኑት ይተዉት አላውቅም። ቢሠሩት እፈራለሁ፤ ቢተዉት እፈራለሁ። ይህንን ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ዘግይቷል፤ ብዙ ዓመት ዘግይቷል። መዝገቡ ቀጭን ባይሆን ኖሮ ጀርባዋ ዛሬ እንዲህ ይጎብጥ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። አላውቅም አለችኝ። አስባ ነው ያለችኝ።

ከእንግዲህ ሰው ብሌን እንዴት ናት ሲለኝ፣ አንቺ ትጀምሪ እንደነበረው አመስግኜ እጀምራለሁ፣ እዚያ ላይ ግን አላቆምም። ድምፅሽን ከእትዬ ዘሃራ ስልክ ወደ እኔም ወስጄዋለሁ። ብሌን በየቀኑ አንድ ትሰማለች።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘሃራ አትክልት ሸምተው ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ላይ ቤት ምስር ጥደው ነበር የወጡት። እንደምን አደርክ ኢንጂነር አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰዓቱ ምን ያህል እንደሄደ አላየሁም፤ ያቋረጠን ከላይ የመጣው የሚያርር ምስር ሽታ ነው። እሳቸው አልሮጡም። ይረር፣ ቀጥል አሉኝ።

አንቺንም እንዲህ ነው የማስታውስሽ፤ ምንም ሳላሳጥር።

ባልሽ፣ የብሌን አባት